ከቦቢናው በታች የተቆረጠው ሽቦ

ጎፋ መንገድ ዳር ወደነበረው ጋራዥ መጀመሪያ የገባሁት የመኪና ወንበር ልብስ ልሰፋ ነበር። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያው ቀን ሽማግሌው የኤሌትሪክ ሠራተኛ ጣቶቼን አዩና፣ «መርፌ የለመደ እጅ ሽቦም አይከብደውም» ብለው የሞተር ሽቦ በጨርቅ እንድጠቀልል ሰጡኝ። ወደ ወንበሩ ብዙም አልተመለስኩም።

ፒንሳና ካቻቢቴ መያዝ፣ በትንሽ አምፖልም ኤሌትሪኩ የት ላይ እንደደከመ መፈለግ ከእሳቸው ተማርኩ። ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ያዝኩ። አንዳንዱ ደንበኛ ቀሚሴን አይቶ፣ «ሠራተኛው የት ሄደ?» ይል ነበር።

«እዚሁ ቆሟል። ኮፈኑን ይክፈቱ» እለዋለሁ።

አንድ የኅዳር ጠዋት የመካኒሳው ነጋዴ ጋሽ ነስሩ መኪናቸውን እያስገፉ መጡ። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት በስንት ልመና ነው የሚነሳው። የጋራዡ ካቦ ጋሽ ተሰማ ኮፈኑን ሲከፍቱ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚያበዛው ቦቢና በታች የሽቦው ጨርቅ ተበጣጥሷል። ሞተሩን በቅርቡ ያጠበው የጋራዡ መኪና አጣቢ ጉደታ ነበር።

«ቆርጠኸዋል! ቱታህን አውልቅና ውጣ» አሉት ጋሽ ተሰማ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ውሃና ጨርቅ እንጂ ቢላ መቼ ያዝኩ?»

የጉደታ ሚስት አራስ ነበረች። ከአባቱ መሬት የደረሰው ድርሻ ለጎመን እንኳ አይበቃም። ከዚህ ከወጣ መውደቂያ የለውም።

መሃላቸው ገባሁ። «ጋሽ ተሰማ፣ ሽቦውን ሳላይ ማንም ቱታ አያወልቅም።»

«ደግሞ ዳኛ ሆንሽ?»

«ዳኛ ባልሆንም፣ ሽቦው የኔ ሥራ ነው።»

ከባትሪው ጀመርኩ። እስከ ቁልፉ ድረስ አምፖሉ ደምቆ በራ። ቦቢናው ጋ ሲደርስ ፈዘዘ። ጨርቁን ፈታሁት። ቢላ የቆረጠው ሽቦ ጫፉ እኩል ነው፤ የዚህ ግን ልባሱ ተቆረጣጥሞ፣ መዳቡ በጥቂት ክሮች ብቻ ተንጠልጥሏል። በዚያ የሚያልፍ ኤሌትሪክ ብርድ የያዘውን ሞተር አያስነሳም። ከሥሩ የጤፍ ጭድና የአይጥ ኩስ ወጣ።

«ጋሽ ነስሩ፣ ይህ ጭድ ከየት መጣ?»

«ሞተሩን ብርድ እንዳይመታው ነዋ! ማታ ማታ አንድ ጆንያ ጭድ አለብሰዋለሁ።»

«ማልበስ ብቻ መቼ ሆነ? ተከራይም አስገብተዋል።»

ጋሽ ተሰማ ኩሱን አዩት። «በል፣ ወደ ሥራህ» ብለው ሊሄዱ ሲሉ መንገዱን ዘጋሁባቸው።

«በሰው ፊት ነው የወነጀሉት፤ በሰው ፊት ይቅርታ ይበሉት።»

ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ቀስ ብለው፣ ይቅርታ አሉት። ጉደታም፣ «ከአይጧ ጋርስ ማን ያስታርቀኝ?» ሲል ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ተሰማም ሳቁ።

ሽቦውን ቀጥዬ ጠቀለልኩት። መኪናው ገና ቁልፉ ሲነካ ተነሳ። ጉደታም እኔ ሥራ እስካቆም ድረስ እዚያው ነበር።

ዛሬ ጋራዥ ለሚገቡት የምለው ይኸው ነው። መጀመሪያ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉ፤ ሰው መጠርጠር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።