በቂም የተሠራ በረት

ፈጠነች ከገሱባ ወደ ሶዶ የመጣችው በትዳር ነው። ባሏ አንጁሎ ከከተማው በታች፣ ወደ ተበላ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የግራዝማች የማርያምወርቅ ጭሰኛ ነበር። በወባ ሲሞት የእንሰት ጓሮና አንዲት ዳለቻ አህያ ብቻ ቀሩላት። ውኃውም፣ ወደ ገበያ የሚወጣው ድንችም በዚያች አህያ ጀርባ ላይ ነበር።

በ1951 ዓ.ም. በመኸር ወራት የግራዝማች ሰዎች ከሁምቦ ቆላ በቆሎ ሊያስወጡ የጭሰኛውን አህያ ሁሉ ሰበሰቡ። የፈጠነችንም ነዱ። ሌሎቹ ሲመለሱ የእሷ አልተመለሰችም። ነጂው ኤርካሎ አንገቱን ደፍቶ የሆነውን ነገራት። ከአቅሟ በላይ ስለጫኑባት ዳገቱ ላይ እግሯ ተሰበረ፤ ግራዝማችም መንገድ እንዳትዘጋ ብለው ከነነፍሷ ገደል አስገፏት። ፈጠነች እስከ ገደሉ ወረደች። ጅብ ያተረፈው መጫኛውን ብቻ ነበር።

መጫኛውን ጠቅልላ ይዛ ግራዝማች ደጅ ቆመች። ሽማግሌዎች አብረዋቸው ተቀምጠዋል። አህያዋን እንዲተኩላት ለመነች።

ግራዝማች ሳቁ። «የተጣለ ከብት ባለቤት የለውም። ከፈለግሽ ከጅቡ ጋር ተካሰሺ» አሏት።

ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ፈጠነች አንድ በአንድ አየቻቸውና «ሰምታችኋል» ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ የግራዝማች ጭነት ባለፈበት ሁሉ ከኋላ ትከተል ጀመር። ጀርባው የተገጠበ፣ ያነከሰ፣ ወድቆ የተተወ አህያና በቅሎ ስታገኝ እየጎተተች ጓሮዋ ታስገባለች። ቁስሉን በጨው ውኃ ታጥባለች፣ የግራዋ ቅጠል ወቅጣ ትጨምቅበታለች፣ የእንሰት ቅጠል ታበላዋለች። አዝናላቸው አልነበረም። ለጎረቤቷ ለአስካለች እንደነገረቻት፣ ቁስል ባጠበች ቁጥር የምታስበው ግራዝማች ያን ከብት ድኖ ሲያዩት የሚሆኑትን ነበር።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ አቶ ጦና መጥተው፣ በቀል የእግዚአብሔር ነውና ተይው ብለው መከሯት።

«ለእሱማ ትቻለሁ» አለቻቸው። «እኔ የያዝኩት ከብቶቹን ነው።»

ጎረቤቱ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ ግራዝማች ቢነሱብሽ ማን ይደርስልሻል አሏት። ግን በእኚያ ሰው ያላለቀሰ ቤት በሰፈሩ አልነበረም። አንዱ ሣር አጭዶ፣ አንዷ የቦሎቄ ገለባ ተሸክማ መምጣት ጀመሩ። ወንዶቹ ባሕር ዛፍ ቆርጠው በረት አጠሩላት። ኤርካሎና ጓደኞቹም የደከመውን ከብት ገደል መግፋቱን ትተው አጥሯ ሥር ይተዉት ጀመር።

አንድ ክረምት የግራዝማች ሰጋር በቅሎ ኮቴዋ መግል ቋጥሮ አነከሰች። ግራዝማች አልቆላታል ብለው አስጣሏት። ፈጠነች ኮቴዋን በስታ መግሉን አወጣች። በመስቀል ሰሞን በቅሎዋን ድና፣ ፀጉሯ አብረቅርቆ፣ በገበያው መሀል እየሳበች አሳለፈቻት። ግራዝማች አዩና ከሰሷት።

አጥቢያ ዳኛው ፊት ፈጠነች ብዙ አልተናገረችም። ያን ቀን የሳቁትን ሽማግሌዎች በምስክርነት ጠራች። እነሱም እየተያዩ ግራዝማች ያሉትን ተናገሩ። በቅሎዋ ለእሷ ተፈረደላት።

ሲወጡ ግራዝማች ጠጋ አሉ። «በቅሎዬን እንድትመልሺልኝ ምን ልስጥሽ?»

«አህያዬን» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ግራዝማች ጭነቱ እንዲቀንስ አዘዙ። ከብት መጣሉም ቆመ። ፈጠነች ግን አልተደሰተችም፤ ከግራዝማች የምትነጥቀው አጥታ ስትቆጣ ከረመች። የስልጤው ነጋዴ ሳሊህ እግሯ የተሰበረ አህያ በሰው አሸክሞ ሲመጣ እንኳ «ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም፣ መልሳት» አለችው። ሳሊህ ሌላ የሚወስድበት እንደሌለ ነገራት። አህያዋ መሬት ላይ ተኝታ ትተነፍሳለች። ፈጠነች ብዙ ቆማ አየቻትና እግሯን የምትጠግንበት ቀርከሃ ልትፈልግ ሄደች።

ያች አህያ እያነከሰችም ቢሆን ቆመች። ወሬው ከአረካ እስከ ገሱባ ደረሰ። ዓይኑ የጠፋ በሬ፣ ጌታው የሞተበት ውሻ፣ ሁሉም ወደ ፈጠነች በረት መጣ። ሣሩን ሰፈሩ በተራ ያመጣል።

ግራዝማች በ1958 ሞቱ። አገሩ ሁሉ ለቅሶ ሲሄድ አስካለች ልትወስዳት መጣች፤ ሞተው የለ እንዴ፣ አሁንስ ይብቃሽ አለቻት።

«አንቺ ሂጂ» አለች ፈጠነች።

ማጭዷን አንስታ ወደ ሜዳው ወረደች። የለቅሶው ድምፅ ከላይ እየመጣ፣ እሷ ቀና ሳትል አጨደች። የዚያን ቀን በበረቱ ያልጠገበ ከብት አልነበረም።