አሮጌው ካርድና የለተብርሃን ደብተር

ነገሩ እኔን ያስወጣኝ አንድ ውሸት ነው፤ ሌላ ምንም። እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት ለዚህ ይሆናል። በርካሽ የተሠራ ኃጢአት ኃጢአት አይመስልም።

ሮማናት አደባባይ አጠገብ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች እሸጣለሁ። መምህርት ለተብርሃን መስማት የተሳናቸው ልጆች ታስተምራለች። ልጆቹ በእጃቸው ሲያወሩ በካሜራ አይቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም እየሠራች ስለነበር የካሜራውን ምስል ቶሎ የሚያሰላ ግራፊክስ ካርድ ፈለገች። ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ከሌላው ተማሪ ጋር አንድ ክፍል ሊገቡ ነው። ያለ ፕሮግራሙ ጥያቄያቸውን ማን ይረዳል?

ሸጥኩላት። የማይሆናትን አሮጌ ካርድ አውቄ ሸጥኩላት። የምትሠራበት ሶፍትዌር አዲስ ድራይቨር ካልተጫነ አይነሳም፤ ካርዱን ከሶፍትዌሩ የሚያግባባው እሱ ነው። አዲሱ ድራይቨር ደግሞ ያን አሮጌ ካርድ ጭራሽ አያውቀውም። እኔስ ይህን አላውቅም ነበር? በሱቄ ኮምፒውተር ላይ የድሮውን ድራይቨር ጭኜ፣ የመኪና ጌም ከፍቼ አሳየኋት። መኪናው እንዲያ ሲበር ማን ይጠረጥራል?

በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ ካርድ የለም ይለኛል እኮ!"

"ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ካርዱማ ዓይንሽ እያየ ሠርቷል። የራስሽን ሥራ ፈትሺ" አልኳት። አንዷ ውሸቴ ይቺ ናት።

አመነችኝ። ክረምቱን ሙሉ ጥፋቱን ከራሷ ላይ ስትፈልግ ከረመች። በአንድ ደብተር ላይ የድራይቨሩን ቨርዥን ቁጥር፣ አጠገቡ የሶፍትዌሩን፣ ጫፍ ላይ ውጤቱን ጻፈች። ሁለቱን አንድ ላይ ቀይራ አታውቅም፤ አንዱን ትቀይራለች፣ ትሞክራለች፣ ትጽፋለች። እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን ካርዱን በሻጩ ራስ ላይ እሰብረው ነበር። እሷ ግን ቨርዥን በቨርዥን ወደ ኋላ እየተመለሰች ሄዳ፣ ከድሮው ድራይቨር ጋር የሚስማማ የቆየ ሶፍትዌር አገኘች። ፕሮግራሟንም ለእሱ ብላ እንደገና ጻፈችው። እንዲህ ያለ ሰው በሃያ ዓመት ንግዴ አላየሁም።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው መጣች። ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ሓወይ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። አንድ ቀን ሲመረኝ በሆዴ ሌባ ብዬህ ነበር። ለካ ካርዱ ደህና ነው፤ ቨርዥኑን ያላወቅኩት እኔ ነኝ።" የደብተሩንም ቅጂ ሰጠችኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይቸገር።

ምን አልኩ? "ችግር የለም፣ ያጋጥማል" አልኩ። ይቅር አልኳት! እኔ! ሌባው!

ዛሬ በከተማችን ከሰሜን እስከ ሓወልቲ ክፍለ ከተማ ካርድ ያስቸገረው ሁሉ "እሱ ያውቃል" ተብሎ ወደ እኔ ይላካል። ቅጂውን ገልጬ መልስ እሰጣለሁ። የማን እንደሆነ አልናገርም። ፍርሃት ነው እንዳልል ማን ያስፈራኛል? እሷ?

ልጆቹ ክፍል ገብተው ይጠይቃሉ። ካርዱ ይሠራል። ከለተብርሃን የወሰድኩት አንድ ክረምት፣ አንድ የደብተር ቅጂ፣ አንድ ይቅርታ። የመለስኩት ምንም።