ተከዜ ውስጥ የተውኳቸው አራት ጠርሙሶች

ሰቆጣ፣ ንጋት

መናኸሪያው ገና አልነቃም። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ረዳቱ «ኒሯቅ! አበርገሌ!» እያለ ለባዶ ሜዳ ይጣራል። እኔ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጫለሁ፤ እግሬ ሥር የበረዶ ሳጥን አለ።

ሥራዬ ለጨዋ ሰው ለመንገር አይመችም። ውሃ ውስጥ ለዓይን የሚያስቸግሩ ጥቃቅን እንስሳት አሉ። ከላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ደቃቅ ተክል ይበላሉ፤ ኩሳቸው ደግሞ ወደ ታች ይሰጥማል። አረንጓዴው ከአየር የወሰደውን ካርቦንም ይዞ ይወርዳል። ውቅያኖስ ውስጥ ይህ ለመላው ምድር የሚተርፍ ሥራ ነው። ምን ያህል እንደሚወርድ ለማወቅ ኩሱን ማጥመድ ነው። እኛ ባሕር የለንም፤ ተከዜ ላይ ግድቡ የያዘው ሐይቅ ግን አለን። ከጥምቀት በኋላ አራት አፈ ሰፊ ቧንቧዎች፣ ከየሥራቸው ጠርሙስ ገጥሜ፣ ከቢጫ ጀሪካን ጋር አስሬ እዚያ ትቻቸዋለሁ። ዛሬ ላወጣቸው ነው። ክረምቱ ከገባ ጎርፍ አፈሩን ያመጣና ኩሱን መለየት አይቻልም። የበጋው ድካሜ ሁሉ እነዚያ ጠርሙሶች ውስጥ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ፣ ረፋድ

መንገዱ አቧራና ኮረት ነው። በወረድን ቁጥር ጋቢው፣ ሹራቡ፣ ሻርፑ ይወልቃል። ጎኔ የተቀመጡት መምሬ ፈንታ፣ አበርገሌ ለክርስትና የሚሄዱ ቄስ፣ ሳጥኑን አዩት።

«ምን ይዘሻል ልጄ?»

«ባዶ ነው መምሬ። ስመለስ ኩስ እጭንበታለሁ።»

«የዶሮ?»

«ከቁንጫ የምታንስ የውሃ እንስሳ።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «እህቴ፣ ለዚህም ደመወዝ አለው?»

«ሲመጣ።»

መምሬ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «እሱ የፈጠረውን መመርመር ክፉ አይደለም። ክዳኑን ግን አጥብቂው።»

ሐይቁ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ

ኒሯቅ ላይ የአበርገሌ ፍየል ጥብስ በልቼ፣ አሳ ሊጭን በሚወርድ አይሱዙ እዚህ ደረስኩ። ውሃው ዝም ብሏል። ቢጫ ጀሪካኔ ግን የለም። ዳር ዳሩን በዓይኔ ፈለግሁት።

ሲሳይ፣ ጀልባውን ያከራየኝ አሳ አጥማጅ፣ እየሳቀ መጣ። «መረቤ ገመድሽን ያዘውና ትናንት ሁሉንም አወጣሁልሽ። ቤት ነው ያለው። ብርቄ አጽድታልሻለች።»

አጽድታ?

ሚስቱ ብርቄ መደቡ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ። ጠርሙሶቹ ያበራሉ፤ ውስጣቸው ነጭ ማር ተሞልቷል።

«ሥራቸው ላይ አተላ ረግቶባቸው ነበር እኮ! በአሸዋ በአመድ ፈተግኋቸው» አለች ደስ ብሏት። «ባዶውን ደግሞ እንዴት ልስጥሽ?»

ዘንድሮ ዝናቡ አጥሮ ንቡ እንዳልሰጠ ሲሳይ ባለፈው ነግሮኛል። የቤቱ ማር ይኸው ነበር ማለት ነው። ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅም፤ ማልቀስም አማረኝ። ግን ማን ላይ ልቆጣ? እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ከዚያ ስቆጥር ሦስት ናቸው።

«አራተኛውስ?»

ብርቄ አፈረች። ለባሏ በኽምጣኛ አንድ ነገር ብላው፣ ከጋን ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጣች። «ከቧንቧዋ አልፈታ ብላኝ ነው። እንዲህ ቆሽሻ እንዳታያት ብዬ ደበቅኳት። እንዳትታዘቢኝ።»

ወደ በሩ ብርሃን አነሣኋት። እንዳይበሰብስ የጨመርኩት የጨው ውሃ አለ፤ ሥሩ ላይ ቡናማው ዝቃጭ እንዳለ ረግቷል። ደረቴ ላይ ያዝኳት።

«ይቺን ፍለጋ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ብርቄ ጠርሙሷን አየች፤ ማሩንም አየች። ፊቷ ቀስ ብሎ ጠቆረ። «ሦስቱም እንዲህ ነበሩ» አለች።

«አንዷ ትበቃኛለች» አልኩና ቧንቧዋን በመፍቻ ፈትቼ ክዳኗን አጠበቅኩ።

አትበቃኝም። አንዷ ከሌሎቹ ጋር ካልተመሳከረች ልኬቱን ማመን አይቻልም። ይህን ግን ለብርቄ አልነገርኳትም።

ሰቆጣ፣ በማግስቱ አመሻሽ

እናቴ ሳጥኑን ተቀብላ ማሩን መደርደሪያ ላይ ሰደረች። አራተኛዋን አንስታ አገላበጠቻትና ሳሙና ፍለጋ ዞረች።

«ተያት እማዬ። እንደቆሸሸች ትቆይ።»

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰጡሽ?»

«ማሩን ቅመሽና አንቺው ንገሪኝ» አልኳት።