ማኅተም ያላረፈባት ገጽ

ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ከትምህርት መቅረት ምን እንደሚያሳጣ ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈልግም። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ፤ የልጆቹ የቴአትር ክበብ ጽሑፍም በእኔ እጅ ነው። ግቢው ላይ ሲጫወቱ ከአንድ ክፍል በር ኋላ ተቀምጬ ቃል ለጠፋበት ልጅ በሹክሹክታ አቀብላለሁ። አንዲት ቃል ብትዘለል አልለቅም። ልጆቹ «ከእትዬ ነጥብ እንኳ አታመልጥም» ይሉኛል፤ አይዋሹም።

ክበቡ የብዙ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ልጆቹንና ግቢውን ይሰጣል፤ ወላጆች አግዳሚ ወንበርና ልብስ ያዋጣሉ፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ እየመጣ ያለማምዳቸዋል። አንድ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ማይክራፎንና ማኅተም ይሰጠናል። ማኅተም ያላረፈበት ጽሑፍ መድረክ አይወጣም። የክበቡን ጥቅም በሪፖርት ግለጹ ሲሉን ብዙ የምጽፈው የለኝም። ቤቷ ውስጥ «ዝም በይ» የምትባል ልጅ እዚህ ስትናገር ግቢ ሙሉ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማታል። ይኸው ነው።

ዘንድሮ ለወላጆች ቀን ካዘጋጀነው ቴአትር ስድስተኛውን ገጽ የጻፈችው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስለ ሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ነው። በር የለውም። አንዷ ስትገባ ጓደኛዋ ነጠላ ዘርግታ ትጋርዳታለች፤ የወር አበባ የመጣ ቀን ግን ነጠላም አይበቃም፣ ደብተርን ይዞ ወደ ቤት ነው። የልጅቷ ታላቅ እህት እንዲህ እየቀረች እየቀረች በዚያው ቀርታለች።

ዘጠኙን ገጽ ላክን፣ ዘጠኙም ተመለሰ። ስምንቱ ላይ ማኅተም አለ፤ ስድስተኛዋ ላይ የለም። ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄጄ ኃላፊውን ጠየቅሁት።

«ይህቺ ትቅር» አለኝ። «እንግዶች ይመጣሉ። ሽንት ቤት በእንግዳ ፊት ይወራል እንዴ?»

«ትቅር ብለው ይጻፉልኝ።»

«ምኑ ይጻፋል? እየነገርኩዎት እኮ ነው!»

«የተጻፈ ነው የማነበው።»

«እርስዎ ደግሞ ችክ አሉ» ብሎ ስልኩን አነሳ።

ለልጅቷ ስነግራት አላለቀሰችም። «እሺ፣ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ፈልጉ» አለችኝ።

«ቴአትሩን ልትተዪ ነው?»

«ትምህርቱንም። እህቴ ዝም ብላ ነው የቀረችው። እኔስ ለምን እንደምቀር ልናገር ብዬ ነበር።»

ያን ጊዜ ተናደድኩ። በኃላፊው ብቻ አይደለም፤ ማኅተም የሌላትን ገጽ ተሸክሜ እንደ ተላላኪ በተመለስኩት በራሴም ጭምር። ተቀምጬ ገጿን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት። እኛ ወረቀት ላይ የምናሰፍረው የሚነገረውን ብቻ ነው፤ እንቅስቃሴው በልምምድ ይያዛል። እንግዲህ ያልጸደቀው ቃሉ ነው። መቆምን፣ ነጠላ መዘርጋትን፣ ደብተር ይዞ መሄድን ማንም አልከለከለም። ሰበብ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ነቅ የማይወጣለት ሰበብ ነው።

«ስድስተኛዋ ገጽ ላይ አንዲት ቃል ከአፋችሁ እንዳትወጣ» አልኳቸው ልጆቹን ሰብስቤ፤ እሷንም አስጠርቻታለሁ። «ከወጣች የማስቆማችሁ እኔ ራሴ ነኝ።»

«ከንፈሬን ባንቀሳቅስስ?» አለች ልጅቷ።

«ከንፈርም አይሆንም።»

ስቃ ወደ ልምምዱ ተመለሰች።

በወላጆች ቀን ግቢው ሞላ፤ እንግዶቹ ከፊት ወንበር ላይ፣ እናቶቹ ከኋላ ሣሩ ላይ። አምስተኛው ገጽ እንዳለቀ የጽሑፉን ማኅደር ዘጋሁት። ልጅቷ ማይክራፎኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጓደኛዋ ነጠላ ዘረጋች፤ እሷ ከኋላው ቁጢጥ አለች። ወንዶቹ ልጆች ኳስ እያንከባለሉ አለፉ። በልምምድ ያልነበረ ንፋስ መጣና ነጠላውን ከጓደኛዋ እጅ ነጠቀው።

«ኧረ ጋርጂያት! ጫፉን ያዢው!» ብላ ጮኸች ከኋላ አንዲት እናት።

«በምን ትጋርዳት? በሩስ?» አለች ሌላዋ።

«በሩማ እኛም ስንማር አልነበረም!»

«አንቺ ደግሞ መቼ ተማርሽና!»

ሰው ሳቀ። የተቀለደባት እናት ግን ብድግ አለች። «በዚሁ ነዋ ያልተማርኩት!»

ሳቁ ተቆረጠ። ልጅቷ ደብተሯን አንስታ በእንግዶቹ መሀል አልፋ ወጣች።

«የኔዋም ሆዴን አመመኝ የምትለኝ ለካ ለዚህ ነው» አለች አንዷ። ሌላዋ ወደ አባቶቹ ዞረች፦ «እናንተ! ለበረት በር ገጥማችሁ ለልጆቻችሁ አቃታችሁ?»

ስድስተኛዋ ገጽ ላይ ተጽፎ የነበረው ከዚህ ያነሰ ነው፣ እንዲህም አይናገርም። ልጅቷ በጓሮ ዞራ ለሰባተኛው ገጽ ስትደርስ እናቶቹ ገና አልጨረሱም ነበር።

ሲያልቅ ኃላፊው ከበሩ ኋላ ድረስ መጣ። «የተከለከለውን ሠራችሁ!»

«ከልጆቹ አፍ የወጣች አንዲት ቃል ይንገሩኝ።»

«እናቶቹስ?»

«እናቶቹ የክበቡ አባል አይደሉም። የእነሱን ንግግር ማን ሊያጸድቅ ኖሯል?»

ከዚያ ወዲህ ማይክራፎን አልተሰጠንም። የዩኒቨርሲቲው ልጅ ድምፅን ከሆድ ማውጣት እያስተማራቸው ነው፤ እስከ አስፋልቱ ይሰማል።

በሳምንቱ ሦስት አባቶች ቆርቆሮ፣ ማጠፊያና ምስማር ይዘው መጥተው ሲቀጠቅጡ ዋሉ። ሁለት በር ገጠሙ። ምርቃት ተቀብለው ሲሄዱ ልጅቷ ልታይ ገባች። ወዲያው ወጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጣች።

«እትዬ፣ መቀርቀሪያውን ከውጭ ነው ያደረጉት።»

«ከውስጥ የለውም?»

«የለውም። የበረት በር ነው የሠሩልን።» ወረቀት እንድሰጣት እጇን ዘረጋች።

«መጀመሪያ ሄደሽ ለአባቶቹ አትነግሪያቸውም?» አልኳት።

«እነግራቸዋለሁ» አለች፤ «ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እያየ።»

ወረቀቱን ሰጠኋት።