ከማዞሪያው ያለፈ ጡሩንባ

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ እትዬ ዘመነችን የማያውቅ ሰው ቢኖር ትናንት የገባ ተከራይ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። የጡሩንባ ነፊው የጋሽ ይመር ትንፋሽ ሲያጥር፣ የጎረቤታቸው የየሺእመቤት ልጅ እዮኤል በስልክ የሚሠራ ጡሩንባ ፈጠረላቸው። የሟችን ስም ጽፈው አንዴ ሲጫኑ የእድርተኛው ሁሉ ስልክ፣ የራሱ የእዮኤልም ጭምር፣ ይጮሃል። መጀመሪያ "ለቅሶ በስልክ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" ብለው የተሳለቁት እሳቸው ነበሩ፤ ኋላ ግን ስልኩ ከእጃቸው አልወርድ አለ።

ከዚያ አክስለሬተር የሚባል መጣ። ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅቶችን አሠልጥኖ፣ ከባለሀብት አገናኝቶ ወደ ውጭ ገበያ የሚያሻግር ተቋም ነው። ኬንያም እድር መሰል ማኅበር ሞልቷል ብሎ እዮኤልን ናይሮቢ ወሰደው። የሺእመቤት ደስታዋን አልቻለችውም፤ ያገኘችውን ሁሉ እያስቆመች "ልጄ ሐሙስ ባለሀብቶች ፊት ሊናገር ነው" ትል ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ እያሰጣች ሳለች ወደቀች። አልተነሳችም።

እትዬ ዘመነች ሮጠው ደረሱ። ትናንት እኮ ወፍጮ ቤት አብረው ተሰልፈው ነበር። ቢሆንም ለማልቀስ እንኳ ፋታ አልነበራቸውም፤ መጀመሪያ ያሰቡት ልጁን ነው።

"የእናት መርዶ በስልክ አይነገርም" አሉ ደጁ ላይ ለተሰበሰበው ሰው። "ትንሽ አሟታል፣ ና በሉት። አጎቱ ክብሮም ቦሌ ይቀበለው፤ ቤቱ ገብቶ፣ ሰው መሀል ተቀምጦ እናረዳዋለን።"

ሁሉም ተስማማ።

ድንኳን መተከል፣ ወንበር መምጣት ነበረበት። እትዬ ዘመነች ስልካቸውን አውጥተው እንደ ወትሮው ጻፉ፦ "የእድራችን አባል ወይዘሮ የሺእመቤት ስላረፉ፣ እድርተኛ በሙሉ አሁኑኑ ይድረስ።" ተጫኑት። የጋሽ ይመር ጡሩንባ ከማዞሪያው አያልፍም ነበር፤ እሳቸውም በልባቸው ያንኑ ጡሩንባ የነፉ መስሏቸዋል።

ድንኳኑ ገና ሲወጠር ስልካቸው ጮኸ። እዮኤል ነው።

"እትዬ፣ መድረክ ላይ ነበርኩ" አለ። ድምፁ እንግዳ ሆነባቸው። "አሠራሩን እንዳሳያቸው ስልኬ ከትልቁ ስክሪን ጋር ተያይዞ ነበር። ድንገት የእማዬ ስም መጣ።"

እትዬ ዘመነች የተጫኑበትን አውራ ጣት አፍጥጠው አዩት።

"አማርኛ የሚያነብ ሰው የለም። እንዴት ይፈጥናል ብለው አጨበጨቡ፣ እትዬ። ቆመው አጨበጨቡ። እርስዎ ለማሳያ ብለው ነው አይደል የላኩት? ለማሳያ ነው በሉኝ።"

"አዎ" የምትለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። በዚያው ቅጽበት ሰፈሩን ለቀው ወደ አስኮ የተዛወሩ እድርተኞች፣ መልእክቱ የጠራቸው ሴቶች፣ "የሺዬ፣ እዮኤልን ለማን ትተሽ" እያሉ በሩን አልፈው ገቡ። እትዬ ዘመነች ስልኩን በነጠላቸው ሸፈኑት፤ እዮኤል ግን ሰምቶ ነበር።