አስፋልት ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ ሃያ ሁለት። ኩዌት የምሠራላት ማዳም በእኔ በኩል ነው ያስመጣቻት። ደስማ የሚባለው ሰፈር ያለው የማዳም ቤት በገባች በሳምንቱ ኮሮና መጣና በሩ ተዘጋ። ስለዚህ ስለ ኩዌት የምታውቀው እኔ ያስተማርኳትን ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርቴ "ምንጣፍ በጫማ አይረገጥም" የሚል ነው። አንድ ቀን ረስታ ብትረግጥ ማዳም የጮኸችው ጩኸት ቤቱን ለቅሶ ቤት አስመስሎት ነበር።

ሰዓት እላፊው ሲጠና መንገዱ ጭር አለ። ማዳምና ጓደኞቿም ቤት መቀመጥ ሰለቻቸውና፣ አስፈቅደው፣ ጀምዒያው፣ ማለትም የሰፈሩ ትልቅ ሱቅ ፊት ያለውን የእግረኛ ማቋረጫ ሊያስውቡ ተነሡ። ነጩን መስመር አጠፉና የአረብ ድንኳን ምንጣፍ ሣሉበት፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ የዳሩ ዘርፍ እንኳ አልቀረም።

"ለእግረኛው ደኅንነት ነው" አለችን ማዳም፣ ያነሳችውን ፎቶ እያሳየችን።

እውነቷን ነው፤ አንድም ሰው አልተገጨበትም። መኪና የት አለና!

ከዚያ እላፊው ተነሣ፤ መኪናውም ታስሮ እንደከረመ ወይፈን ተለቀቀ። ማዳም እርሾ አምጡ ብላ ሁለታችንንም ላከችን። እህቴ ከመጣች መንገድ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ማስኳን እስከ ዓይኗ ስባ ከኋላዬ ትከተለኛለች። ሹፌሮቹ እንደሆነ ማቋረጫ መሆኑን ማን ነግሯቸው! ጌጥ መስሏቸው ይነጉዳሉ። ጋብ ሲልልኝ እየሮጥኩ ተሻገርኩ። ዞር ስል እህቴ ከጎኔ የለችም። ለካ መሀል መንገድ ላይ ጎንበስ ብላ ነጠላ ጫማዋን ታወልቃለች!

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?"

"እታለም፣ ምንጣፍ ነው እኮ!"

አንድ ነጭ መኪና ሲመጣ ያየሁት እኔ ነኝ። ጮህኩ። እሷ ወደ ኋላ ዘለለች፤ ያወለቀችው ጫማ ግን ጎማው ስር ገባ። ሹፌሩ ወደፊት ሄዶ ቆመና አንገቱን አወጣ።

"ያ ቢንት! አንቺ ልጅ፣ ሳሎንሽ ነው እንዴ?"

እህቴ አረብኛ ገና አልፈታችም፤ "ሳሎን" የምትለዋን ግን ሰምታለች። በአማርኛ መለሰችለት፦ "ታዲያ ሳሎን አስመስላችሁ የሣላችሁት እናንተ!"

የተጨፈለቀውን ጫማ ያነሳሁላት እኔ ነኝ። ትምህርቱ የእኔ ነው።

ቤት ገብተን ለማዳም ነገርናት። እጇን ደረቷ ላይ ጫነች።

"ወላሂ? መኪናው የምንጣፉን ቀለም ፋቀው?"

እንዳልፋቀው ስታውቅ ፊቷ በራ። ጫማ የማውለቁ ነገር ደግሞ ልቧን ነካው፤ ባህላችንን አከበረችልን ብላ፣ ነገ እዚያው በባዶ እግሯ ቆማ ፎቶ እንድትነሣላት ለመነቻት። እህቴ አሻፈረኝ አለች። ለማዳም እምቢ ስትል ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጀምዒያ በተላከች ቁጥር ታች ያለው መስጊድ ድረስ ትወርዳለች። እዚያ ማንም ያላስዋበው፣ ያረጀ ነጭ የማቋረጫ መስመር አለ። ጫማዋን እንዳደረገች ትሻገርና ያን ሁሉ መንገድ ወደ ጀምዒያው ተመልሳ ትመጣለች።