የኤርፖርቱ ሰው የፑል ማጭበርበሪያ

ኢንተርኔት በክልላችን ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር ያላት ኢንተርኔት ቤት ነበረችኝ። ከደንበኞቼ ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ሁለት ነበሩ፤ አብልጠው የሚያናድዱኝም እነሱው ናቸው።

አንዷ ዓሣ የምትሸጥ የኑዌር ጎረቤቴ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ጦርነት ለያይቷቸው ጁባ የቀረ አንድ ወንድም ነበራት። እሷ በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ ኢሜይል እጽፍለታለሁ። ስልክ የለው፣ ቋሚ ቤት የለው፤ የሚያገናኛቸው ያቺው ኢሜይል ብቻ ነበረች። የምታስጽፈኝ ደግሞ ስድብ! «አንተ ሰነፍ፣ ለምንድነው የማትመጣው? እኔ እስክሞት ነው? በይና ጻፊ» ትለኛለች። ላለዝበው ስሞክር ትነቃብኛለች። «አጭር ነው፤ እኔ ብዙ ነው የተናገርኩ» ብላ ታስጨምረኛለች።

ሁለተኛው የኤርፖርት ሠራተኛ ነው። አውሮፕላኑን ከሸኘ በኋላ እኔ ጋ መጥቶ በኢንተርኔት ፑል ይጫወታል፤ ይሸነፋል፤ ኮኔክሽኑን ይራገማል። አንድ ቀን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ኳሷ የምትሄድበትን መስመር አስቀድሞ የሚያሳይ ማጭበርበሪያ በፍላሽ ላከለት። ዋናው በገንዘብ የሚሸጥ ነው አሉ፤ የሱ ግን ቁልፉ የተሰበረ፣ ክራክ የተደረገ፣ የነፃ። እኔ ውጪ ጄነሬተሩን ነዳጅ ስሞላ ጫነው። ፕሮግራሙ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል፤ እሱም ሳያንገራግር አጥፍቶታል! ሌባ በሩን ክፈትልኝ ሲለው መቀርቀሪያውን ስቦ አስገባው ማለት ነው። ስመለስ ጌታው እያሸነፈ ይጨፍራል።

ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ኢሜይል አልከፈት አለ። የይለፍ ቃሉን ብጽፍ፣ ደግሜ ብጽፍ፣ ወይ ፍንክች! ኮምፒውተር ጠጋኙ መጥቶ ሲያየው፣ ያ ፕሮግራም የምንጽፈውን ሁሉ እየቀዳ ለማናውቀው ሰው ሲልክ ከርሟል፤ ያ ሌባ የይለፍ ቃሉን ቀይሮታል፣ የወንድሟ አድራሻም ያለው እዚያው ውስጥ ብቻ ነው። የኤርፖርቱ ሰው ላይ የስድብ መዓት አወረድኩበት፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። እትዬ ግን አልተቆጣችም።

«ታዲያ አሁን ወንድሜ በየት ያገኘኛል?» ብቻ አለች። አንጀቴን በላችው።

ከዚያ በኋላ ዓሣዋን እየሸጠች በየቀኑ በሬ ላይ ቆም ትላለች። «ተከፈተ?» ትለኛለች። «አልተከፈተም እትዬ» እላታለሁ። ያቺን ቃል መናገር እንዴት እንደሚያስጠላኝ!

ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ረጅም ሰውዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ኢንተርኔት ቤቷን ጠያይቆ መጣ። ያለቅሳል። የእህቴን መቃብር አሳዪኝ አለኝ፣ በእንግሊዝኛ። የእትዬ ወንድም መሆኑ ነው። ለካ ሌባው በእሷ ስም ጽፎለት ኖሯል፦ ውድ ወንድሜ፣ አሞኛልና እባክህ ገንዘብ ላክልኝ ብሎ።

«እህቴ በሕይወቷ እባክህ ብላኝ አታውቅም» አለኝ ሰውዬው። «እሷ ሞታ ሌላ ሰው ነው የሚጽፈው ብዬ ተነሳሁ።»

ኧረ በሕይወት አለች እያልኩት እትዬ የዓሣ ሳፋዋን ተሸክማ ደረሰች። አየችው። ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ። ሳፋውን ለእኔ አቀበለችኝና የሸሚዙን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። የዚያን ቀን ገበያ አልወጣችም፤ ዓሣውን ያጠብኩትም የጠበስኩትም እኔ ነኝ፤ እሷ እጅጌውን አልለቅም ብላ።